ከመንዝ ጫፍ የሚጀምር ጂኦግራፊ

የመንዝ ደጋ በሆነው ጓሳ ላይ የጣለ ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ምዕራብ የወረደው ጀማን ይዞ ዓባይ ይገባል፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦም ሜድትራንያን ይደርሳል። በምሥራቁ ገደል ወደ ቆላው የወረደው ደግሞ አዋሽን ይቀላቀልና ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ላይ ይቀራል። ውኃው በየት እንደሚወርድ የመንዝ እረኛም ያውቀዋል። ገደሉ ለምን እዚያ ተተረተረ? በልጉ ለምን ይከዳል? 3,000 ሜትር ላይ ገብስ የሚዘራው ገበሬ ክፉ ዓመት ሲመጣ ማን ይደርስለታል? እነዚህን አንድ ላይ ይዞ የሚጠይቅ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጂኦግራፊ ነው።

ብዙ ተማሪ ጂኦግራፊን የሚያስበው የዋና ከተሞች ስም በቃል የሚያዝበት ትምህርት አድርጎ ነው። ለመንዝና ለመርሐቤቴ ልጅ ቅርብ በሆነው በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ክፍሉ ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ይባላል፤ ስሙ ራሱ ስፋቱን ይናገራል። የመሬት አቀማመጥ፣ አየር ንብረትና አፈር ባንድ በኩል፣ የሕዝብ ብዛት፣ እርሻና ከተማ በሌላው። መሣሪያዎቹ ካርታ፣ የሳተላይት ምስል፣ ጂአይኤስ (የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት) እና ስታቲስቲክስ ናቸው። መጨረሻ ላይ የራስ ጥናት ይቀርባል።

ከሁሉ ቀድሞ ካርታ ማንበብ ይመጣል። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ግን የከፍታ መስመሮቹ እላይ በላይ ይደራረባሉ፤ በማስመሪያ ቅርብ የሆነው በእግር ሩቅ ይሆናል። እዚያው ቁልቁለት ላይ ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በታች የኖራ ድንጋይ ይወጣል፤ መርሐቤቴ በሩቅ ዘመን ባሕር እንደነበረ ምስክሩ ይኸው ነው። ይህን በስላይድ ያየና በእጁ የዳሰሰ ተማሪ እኩል አይማሩም። ስለዚህ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው የመስክ ጉዞ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ለእኔ መሰረዝ ያለበት የመጨረሻው ነገር እሱ ነው።

ትምህርቱ ለአገር ምን እንደሚሠራ ለማየት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን ማንሳት ይበቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ ያስተማሩት መስፍን እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 በገጠር የደረሰውን ረኀብ በካርታና በአኀዝ ተከታትለው፣ ዝናብ መቅረቱ ብቻውን ሰው እንደማይገድል አሳዩ። ገበሬውን ለረኀብ ያጋለጠው የሚኖርበት ሥርዓት ነው አሉ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ደግሞ አንዲት ጥድ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1982 ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፈሮች ጋር በተቋቋመው ጣቢያ ዝናቡ ከማሳው ስንት አፈር ጠርጎ እንደሚወስድ ተለክቷል። ገበሬው ድሮም የሚያየውን መሸርሸር መዝኖ የሚያስረዳ አኀዝ የተገኘው እንዲህ ባለ ትዕግሥት ነው።

ተመራቂው አስተማሪ ይሆናል፤ በመሬት አስተዳደር፣ በከተማ ፕላን፣ በአደጋ መከላከልም ይሠራል። ሥራ ማግኘቱ ቀላል ስላልሆነ ጂአይኤስን ተማሪ ሳለ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ይበጃል።

የመንዝ ልጅ ለመመረቂያ ጥናቱ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። የጓሳ ሣር ለክዳን የሚታጨድበትንና ከብት የሚገባበትን ጊዜ ለዘመናት የወሰነው የቄሮ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1975 ከመሬት አዋጁ ጋር ፈረሰ፤ ኋላ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አቋቋመ። በነዚያ ዓመታት መሃል ሣሩ ምን ያህል ሸሸ፣ ምን ያህልስ ተመለሰ? የድሮ የአየር ፎቶና የሳተላይት ምስል ከሽማግሌዎቹ ቃል ጎን አስቀምጦ መመርመር ይቻላል።