ባለ ቀለም ፊልምና የእጥበቱ ንግድ

አንድ ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ መመርመር የሚገባው ዋጋውን ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ከተሸጠ በኋላ የሚከተለው ሥራ በማን እጅ እንደሚቀር ጭምር ነው። ለዚህም የባለ ቀለም ፊልም ታሪክ በቂ ማስረጃ ይሆናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1907 በፈረንሳይ አገር የሉሚዬር ወንድማማቾች አውቶክሮም የተባለውን ባለ ቀለም የፎቶግራፍ መስተዋት ለገበያ አቀረቡ። በመስተዋቱ ላይ ብርቱካንማ፥ አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም የተነከሩ ደቃቅ የድንች ስታርች ቅንጣቶች ተነስንሰው፥ በላያቸው ብርሃን የሚቀበል የብር ጨው ተቀብቶ ነበር። ሥዕሉ ቢያምርም ቅንጣቶቹ አብዛኛውን ብርሃን ያስቀሩ ስለ ነበር፥ ተነሺው በጠራራ ፀሐይ እንኳ ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት።

በ1912 ሩዶልፍ ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ሌላ መንገድ አሳየ። ማጠቢያው መድኃኒት ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ብር ሲለውጥ ራሱም ይለወጣል። የተለወጠውም መድኃኒት ከቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ፥ ብሩ ባለበት ስፍራ ቀለም ይፈጠራል፤ ኋላም ብሩ ታጥቦ ሲወጣ ቀለሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ለሰማያዊ፥ ለአረንጓዴና ለቀይ ብርሃን የተዘጋጁ ሦስት ሽፋኖችን በአንድ ፊልም ላይ መደራረብ ይቻላል። ነገር ግን ቀለም ሰጪዎቹ ከአንዱ ሽፋን ወደ ሌላው እየፈለሱ ሥዕሉን ስላበላሹት፥ የፊሸር አሳብ ከሃያ ዓመት በላይ ከገበያ ርቆ ቆየ።

ለዚህ ችግር ሁለት መፍትሔዎች ተገኙ። በ1935 ኮዳክ ያወጣው ኮዳክሮም የሊዮፖልድ ማንስና የሊዮፖልድ ጎዶቭስኪ ሥራ ነበር፤ ሁለቱም ሙዚቀኞች ነበሩ። እነርሱ ቀለም ሰጪዎቹን ከፊልሙ አውጥተው በማጠቢያው ውስጥ አደረጓቸው። በዚህም ምክንያት እጥበቱ ብዙ ደረጃ ያለውና እጅግ ጥንቃቄ የሚሻ ሆነ። በአሜሪካ የእጥበቱ ሒሳብ በፊልሙ ዋጋ ውስጥ ተጨምሮ ይከፈል ስለ ነበር፥ ደንበኛው ያነሣውን ፊልም ለኮዳክ ይልካል፤ ለባለ ሱቁም የሚተርፈው የሽያጩ ትርፍ ብቻ ነበር።

በ1936 ደግሞ በጀርመን የአግፋ ኬሚስቶች ቀለም ሰጪዎቹን እንደ ረጅም ጅራት ባለ ሞለኪውል አስረው በየሽፋናቸው አስቀሯቸው። አስቸጋሪው ሥራ በፋብሪካ ስላለቀ ሦስቱ ቀለሞች በአንድ ማጠቢያ ይወጡ ጀመር፤ እጥበቱም ለሌሎች ቤቶች ተከፈተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአግፋ የፈጠራ መብቶች ለሌሎች ክፍት ስለ ሆኑ፥ በቤልጂግ ጌቫከለር፥ በኢጣሊያ ፌራኒያከለር የተባሉት ፊልሞች በዚሁ ዘዴ ተሠሩ።

ኮዳክም ቢሆን በ1954 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በፍርድ ቤት በተደረገ ስምምነት፥ በዚያ አገር የእጥበቱን ዋጋ ከፊልሙ ዋጋ ለይቶ ዘዴውን ለተወዳዳሪዎች ለመፍቀድ ተስማማ።

ኮዳክሮም በጨለማ ሲቀመጥ ቀለሙን ለረጅም ዘመን በመጠበቅ የታወቀ ምርጥ ዕቃ ነበር። ሆኖም ዲጂታል ካሜራ ገበያውን ስለ ወሰደበት በ2009 ሥራው ቆመ፤ በ2010 መጨረሻም በካንሳስ የነበረው የመጨረሻው አጣቢ ቤት ፊልሙን መቀበል አቆመ። ከዚያ ወዲህ በመሳቢያ ተረስቶ የተገኘ ያልታጠበ ኮዳክሮም ጥቁርና ነጭ ሥዕል ቢሰጥ እንጂ፥ ቀለሙን የሚያወጣለት ቤት የለም። ቀለም ሰጪውን በውስጡ የያዘው ፊልም ግን ዛሬም በየአገሩ ይታጠባል።