ተጨማሪ መረጃ፦ የክላውድ ሰርቨር ዲስክ ሲሞላ

«በዲስኩ ላይ ቦታ የለም» የሚለው መልእክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው የጂኖም ትንተና ከተጀመረ ከሰዓታት በኋላ ነው። የሰው ጂኖም 3 ቢሊዮን ገደማ ቤዞች አሉት፤ በ30 እጥፍ ሽፋን ሲነበብ ጥሬውን ንባብ የያዙት የተጨመቁ የፋስትኪው (FASTQ) ፋይሎች ብቻ በአሥር የሚቆጠሩ ጊጋባይቶችን ይይዛሉ። ዲስኩን የሚያጣብበው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥሬው ዳታ ሳይሆን በሥራው መሃል የሚፈጠረው ፋይል ነው። ንባቦቹ ከማጣቀሻ ጂኖም ጋር ሲዛመዱ የሚወጣው የሳም (SAM) ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከተጨመቀው ቅርጹ ከባም (BAM) በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሳምቱልስ (samtools) የተባለው ፕሮግራምም ባሙን ሲደረድር ጊዜያዊ ፋይሎችን ይጽፋል፤ ሥራው ድንገት ከተቋረጠ እዚያው ሊቀሩ ይችላሉ።

መጀመሪያ በ«ዲኤፍ» (df) ትእዛዝ የትኛው ዲስክ እንደሞላ፣ ቀጥሎ በ«ዲዩ» (du) የትኛው ፎልደር ቦታውን እንደያዘ እዩ። ፋይል አጥፍታችሁም ቦታው ካልተለቀቀ ብዙውን ጊዜ ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም አለ፤ እሱ ሲዘጋ ቦታው ይመለሳል። ዲስኩን ማስፋትም ይቻላል፤ ነገር ግን የተጨመረው ቦታ ጥቅም ላይ የሚውለው የፋይል ሥርዓቱም አብሮ ሲሰፋ ነው። የአማዞን ክላውድ ዲስክ የሆነው ኢቢኤስ (EBS) አንዴ ከሰፋ አይጠብም፤ ክፍያውም በተመደበው መጠን ልክ ይቀጥላል። ስለዚህ ከማስፋታችሁ በፊት አጽዱ። ጥሬውን ፋስትኪው ግን ሌላ ቦታ ቅጂ መኖሩን ሳታረጋግጡ እንዳትነኩት።