የ35 ሳንቲም ሙዝ በ6.24 ሚሊዮን ዶላር፤ ትርፉ የማን ነው?

አትክልት ተራ የሙዝ ዋጋ በአንድ ጀምበር በእጥፍ ቢጨምር ነጋዴው ምክንያቱን ያጣራል፤ መንገድ ተዘግቶ ነው፣ ነዳጅ ጨምሮ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 2024 ኒውዮርክ ውስጥ የሆነው ግን በእጥፍ የሚቆጠር አይደለም። ቀን ከመንገድ ዳር በ35 የአሜሪካ ሳንቲም የተገዛ አንድ ሙዝ፣ ማታ ሶዝቢስ በተባለው ታላቅ የሐራጅ ቤት ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ በ6.24 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ሥራው “ኮሜዲያን” ይባላል። የሠራው ማውሪዚዮ ካቴላን እ.ኤ.አ. በ1960 ፓዱዋ የተወለደ ጣሊያናዊ ነው፤ አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር፣ እናቱ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ገንዘብ ያላቸውን ሰዎች በገዛ ገንዘባቸው መቀለድ ሙያው ሆኗል። “ኮሜዲያን” በ2019 ማያሚ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ከ120 ሺህ እስከ 150 ሺህ ዶላር ነበር የተሸጠው። በአምስት ዓመት ከ30 እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው።

ለመሆኑ ገዥው ምን ገዛ? ሙዙን አይደለም፤ ሙዝ ይበሰብሳል፣ በሌላ ይተካል። የተገዛው የእውነተኛነት ማረጋገጫ ወረቀትና ሙዙ እንዴት እንደሚሰቀል የሚገልጽ መመሪያ ነው። መዶሻው ያረፈው በ5.2 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ቀሪው 1.04 ሚሊዮን ከገዥው ላይ የተወሰደ የሐራጅ ቤቱ ኮሚሽን ነው። ሃያ በመቶ! ሁለት በመቶ ለመቀበል ወር ሙሉ የሚመላለስ የቤት ደላላ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ካቴላን ራሱ ከዚህ ሽያጭ ያገኘው ክፍያ የለም። የተጠቀሙት ሻጩና ሐራጅ ቤቱ ናቸው።

ሙዙን የሸጡት አዛውንት ስደተኛ ዋጋውን የሰሙት ከጋዜጠኛ ሲሆን፣ ሲነገራቸው አለቀሱ። በሰዓት 12 ዶላር የሚከፈላቸው ቅጥር ሠራተኛ ናቸው። በቀን 12 ሰዓት ያለ አንድ ቀን ዕረፍት ቢሠሩ፣ የዚያን ምሽት ሒሳብ ለመሙላት ከ118 ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል።

ገዥው በክሪፕቶ ንግድ የከበረው ጀስቲን ሰን ነው። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ጋዜጠኞች ሰብስቦ ሙዙን በላው። ወሬው ሲደርሰው ደግሞ ከዚያው መደብ 100 ሺህ ሙዝ እገዛለሁ ብሎ ቃል ገባ። ለጋስነት ይመስላል፤ ሒሳቡ ሲሠራ ግን ሌላ ነው። ያን ያህል ሙዝ በመጀመሪያ ከጅምላ ገበያ መገዛት አለበት፤ መጫን፣ ማውረድ፣ ማቆየት አለ። ሙዝ ደግሞ ትርፉ የሳንቲም ነው። በወቅቱ በተሠራው ስሌት የተጣራው ትርፍ ወደ 6 ሺህ ዶላር ግድም ሲሆን፣ እሱም የመደቡ ባለቤት እንጂ የቅጥር ሠራተኛው አይደለም።

ካቴላን ሌላም ዕቃ አለው፤ “አሜሪካ” የተሰኘ፣ ከ18 ካራት ወርቅ የተሠራና ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን የመጸዳጃ መቀመጫ። እ.ኤ.አ. በ2016 በጉገንሃይም ሙዚየም ተተክሎ ተራ ጎብኚ ሁሉ ተሰልፎ ተጠቅሞበታል፤ በ2019 እንግሊዝ ብሌንሃይም ቤተ መንግሥት ውስጥ ሳለ ተሰረቀ። ሁለተኛው ቅጂ በኖቬምበር 2025 ሶዝቢስ ቀረበ። መነሻ ዋጋው በዕለቱ የወርቅ ዋጋ ተሰልቶ 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። መዶሻውም እዚያው አካባቢ አረፈ፤ ከነኮሚሽኑ 12.1 ሚሊዮን ተከፈለበት። ገዥው ሪፕሊስ የተባለው የትርኢት ኩባንያ ነው።

ለነጋዴ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ቁስ ለሌለው ሙዝ 5.2 ሚሊዮን የከፈለ ገበያ፣ ለወርቅ ከወርቁ ዋጋ በላይ እምብዛም አልጨመረም።