ደላላ ሲበዛ ባትሪ ያልቃል

ደላላ ሲበዛ ዕቃ እንደሚወደድ የገበያ ሰው ሁሉ ያውቃል። በገመድ አልባ የሴንሰር መረቦችም ሕጉ ያው ነው፤ የሚከፈለው ግን በብር ሳይሆን በባትሪ ነው።

ሴንሰሮች ሙቀትን፣ እርጥበትንና የመሳሰሉትን እየለኩ ውጤቱን በሬዲዮ ወደ ማዕከል የሚልኩ አነስተኛ መሣሪያዎች ናቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ግሬት ዳክ በተባለች ደሴት፣ 32 ያህሉ የባሕር ወፎችን ጎጆ ለመከታተል ተተክለው ነበር። የሰው መመላለስ ወፎቹን ስለሚረብሽ ባትሪ ለመቀየር እየደጋገሙ መሄድ አይቻልም። እንዲህ ባለ ቦታ ባትሪው አለቀ ማለት መሣሪያው ሞተ ማለት ነው።

አብዛኛውን ኃይል የሚበላው ሬዲዮው በመሆኑ መልዕክቱ የሚሄድበት መንገድ ወሳኝ ነው። የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎቹ ዌንዲ ሄንዘልማን፣ አናንታ ቻንድራካሳንና ሃሪ ባላክሪሽናን በ2000 እ.ኤ.አ. በተጠቀሙበት ስሌት፣ አንድ ቢት ለመላክም ሆነ ለመቀበል 50 ናኖጁል ቋሚ ወጪ አለ። በዚህ ላይ ላኪው የርቀት ሒሳብ ይከፍላል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ይህ ሒሳብ አራት እጥፍ ይሆናል።

በዚሁ ስሌት አንድ ቢት 100 ሜትር በቀጥታ ሲላክ 1,050 ናኖጁል ይፈጃል። መሐል ላይ አንድ አቀባይ ቢገባ ወጪው 650፣ ሁለት ቢገቡ 583 ገደማ ይሆናል። ሦስተኛው ሲጨመር ግን ወደ 600 ከፍ ይላል፤ አቀባዮቹ ዘጠኝ ከሆኑ ተመልሶ 1,050 ይገባል። እያንዳንዱ አቀባይ ቋሚ ወጪውን ስለሚያስከፍል ትርፉ ተበልቶ ያልቃል።

ርካሹ መንገድም ቢሆን ዕዳ አለበት። ለማዕከሉ ቅርብ የሆኑት መሣሪያዎች የሁሉንም ሸክም ስለሚሸከሙ ቀድመው ይሞታሉ። ያን ጊዜ የሩቆቹ ባትሪ ሳያልቅ መንገዱ ይቋረጣል።

ተመራማሪዎቹ «ሊች» ያሉት ዘዴ ሸክሙን በተራ ያካፍላል። መሣሪያዎቹ በቡድን ይከፈላሉ፤ የቡድኑ አለቃ የአባላቱን መረጃ ሰብስቦና አሳጥሮ ወደ ማዕከሉ ይልካል፤ አለቅነቱም በዕጣ ይዘዋወራል። በኮምፒውተር ሙከራቸው የኃይል ወጪው ከተለመዱት ዘዴዎች እስከ ስምንት እጥፍ ቀንሷል።

ዘዴው ግን ማንኛውም መሣሪያ ማዕከሉ ድረስ በቀጥታ መላክ እንደሚችል አድርጎ ይነሣል። ሰፊ መሬት ላይ ይህ ለአለቃው ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ገዢ ከዋጋው ሌላ ሁለት ነገር መጠየቅ ይኖርበታል፤ የመጀመሪያው ባትሪ መቼ ያልቃል? ያን ዕለትስ ስንቶቹ ድምፃቸው ይጠፋል?