የጥንት ገንዘብ ከሩቅ ነጋዴ ስለ መግዛትና ዋጋ ስለ መነጋገር

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የጥንት ገንዘብ መሰብሰብ የሚወድ ሰው በኢንተርኔት ከሚሸጡ ነጋዴዎች ጋራ ዋጋ ሲነጋገር ሊከተለው የሚገባው መንገድ ነው። በዛሬው ዘመን አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሣ በቪየና፣ በለንደን ወይም በኒው ዮርክ ያለውን ነጋዴ ዕቃ ለማየት ይችላል። ሒሳቡን የሚከፍልለትና ዕቃውን የሚቀበልለት ልጅ ወይም ወንድም በውጭ አገር ካለው ደግሞ ግዢው እጅግ ቀላል ሆኖ ይታየዋል። ነገር ግን ከደመወዙ ቆጥቦ ያወጣው ገንዘብ በከንቱ እንዳይቀርበት ከመክፈሉ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

ዋጋ መከራከር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በገበያችን ሻጩ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ ገዢው እኩሌታውን ይሰጣል፤ ጥቂት ከተከራከሩም በኋላ ገዢው ትቶ የሚሄድ መስሎ ፊቱን ሲያዞር ሻጩ «ና እንጂ፣ ተመለስ» ይለዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሁለቱ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ነው። በኢንተርኔት ገበያ የሚሄደውን ሰው ጠርቶ የሚመልስ የለም። እንዲያውም ኢቤይ በሚባለው ትልቅ ገበያ ሻጩ ከወሰነው መጠን በታች የሚቀርበው ዋጋ ሁሉ በኮምፒዩተሩ ወዲያውኑ እንዲመለስ ለማድረግ ስለሚችል፣ እኩሌታ ዋጋ የሰጠ ሰው ሐሳቡ ከሰው ዓይን ሳይደርስ ይቀራል።

እንግዲህ በዚህ ገበያ የገዢው መከራከሪያ ስለ ዕቃው ያለው ዕውቀት ብቻ ነው። ይህንንም በአገራችን በሚታወቁ ሁለት ገንዘቦች እንመልከት።

የመጀመሪያው ጠገራ ብር የምንለው ማርትሬዛ ነው። በላዩ 1780 የሚል ዘመን ስላለበት ብዙ ሻጮች «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ብርቅ ገንዘብ» እያሉ ዋጋውን ይሰቅሉታል። ይሁን እንጂ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ ይህ ገንዘብ ዘመኑ ሳይለወጥ በልዩ ልዩ ጊዜ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ሲሠራ ኖሯል፤ ዛሬም የኦስትሪያ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ይሠራዋል። ስለዚህ የተለመደው ማርትሬዛ ዋጋው ከብሩ ዋጋ ብዙ ሊርቅ አይገባውም። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው። ብር በዓለም ገበያ የሚሸጥበት አውንስ 31.1 ግራም ስለ ሆነ፣ አንድ ማርትሬዛ የአንድ አውንስ ሦስት አራተኛ ይዟል ማለት ነው። አንድ አውንስ ብር በ40 ዶላር ቢሸጥ የማርትሬዛው ብር 30 ዶላር ያወጣል። ይህን ሒሳብ አስቀድሞ የሠራ ገዢ መቶ ሃምሳ ዶላር ሲጠሩበት አይደነግጥም፤ አይከራከርምም፤ ወደ ሌላው ሻጭ ያልፋል።

አያቶቻችን ማርትሬዛ ሲቀበሉ በራሷ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች፣ በትከሻዋ ያለውን ፈርጥና ከምስሏ ግርጌ የተቀረጹትን ሁለት ትንንሽ ፊደላት ይመረምሩ እንደ ነበረ፣ የደበዘዘውንም እንደሚመልሱ አገራችንን የጎበኙ መንገደኞች ጽፈዋል። ዛሬ ፎቶግራፉን አጉልቶ የሚመለከት ገዢ የሚያደርገው ያንኑ ነው።

ሁለተኛው የዐፄ ምኒልክ ብር ነው። በፓሪስ የገንዘብ ማተሚያ ቤት የተሠራ ሲሆን 1887 እና 1889 ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ይገኛሉ። ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋራ የተቀራረበ ቢሆንም ሰብሳቢዎች ስለሚፈልጉት ዋጋው ከብሩ ዋጋ እጅግ ይበልጣል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር የመልኩ ደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ዊልያም ሼልደን የተባለው አሜሪካዊ ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የደረጃ መለኪያ አውጥቷል። ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህም ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. እና ኤን.ጂ.ሲ. የሚባሉት ድርጅቶች ገንዘቡን በዚህ መለኪያ እየመረመሩ በፕላስቲክ ያሽጉታል። ያልታሸገው ግን ለክርክር በር ይከፍታል። የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድና የአንበሳው ጎፈር ተፍቋልን? ገጹ በአሸዋ ወይም በመድኃኒት ታጥቦ ከተፈጥሮው ውጭ ያበራልን? ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ ተበይዶበት በኋላ የተነቀለ ምልክት አለበትን? እነዚህ ሁሉ ዋጋ የሚቀንሱ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ የከፋው መታጠቡ ነው፤ የተፈቀ ገንዘብ በክብር አርጅቷል፤ የታጠበው ግን ቆዳውን ተገፏል።

ሻጩ የጠራው ዋጋና ዕቃው የተሸጠበት ዋጋ አንድ አይደሉም። በኢቤይ ያለፉት 90 ቀናት ሽያጭ ለብቻው ተለይቶ ይታያል፤ መመልከት የሚገባው ያንን ነው። የሐራጅ ቤቶች ዋጋም ሲጠቀስ፣ ገዢው ከጨረታው በላይ የሚከፍለው ኮሚሲዮን እንዳለ መዘንጋት አይገባም።

የነጋዴውንም ኪስ ማሰብ ያስፈልጋል። ለገበያው ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ከዐሥር አንድ እጅ የሚበልጥ ይከፍላል፤ የመላኪያም ወጪ አለበት። ስለዚህ ከመቶ ዐሥር ቅናሽ መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም፤ ጉድለት ከታየበት ወይም ለብዙ ወራት ሳይሸጥ ከቆየ ዐሥራ አምስት፤ ሁለት ሦስት በአንድነት የሚገዛ ሰው ደግሞ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። የራሱ የኢንተርኔት ሱቅ ያለው ነጋዴ የሌላ ገበያ ኮሚሲዮን ስለማይከፍል በዚያው ሱቁ ቀነስ ሊያደርግ ይችላል። ሆኖም በኢቤይ የተገናኙትን ሻጭ «ከዚህ ውጭ እንጨርስ» ማለት በሕጉ የተከለከለ ነው፤ ቢያታልልም የሚጠየቅ የለም።

ደብዳቤው አጭርና ትሑት ይሁን። ለምሳሌ፦ «ጌታዬ፤ የ1889ን የምኒልክ ብር ተመልክቼዋለሁ። መልካም ዕቃ ነው። ነገር ግን ከላይ በኩል የብየዳ ምልክት ስለሚታይ፣ እንደዚህ ያሉትም በቅርቡ በዚህን ያህል ስለ ተሸጡ፣ ይህን ዋጋ ቢቀበሉኝ ዛሬውኑ እከፍላለሁ።» ዕቃውን ማንቋሸሽ አይጠቅምም፤ ነጋዴው «እንዲህ ከናቁት ለምን ይፈልጉታል?» ይላል። ዛሬውኑ እከፍላለሁ የሚለው ቃል ግን ከብዙ ሙግት ይበልጣል። ሻጩ የተቀበለው ዋጋ ገዢውን ያስገድደዋልና ለመክፈል ያልቆረጠ ሰው ዋጋ አይስጥ። ሻጩ የራሱን ዋጋ መልሶ ቢያቀርብ አንድ ጊዜ መመለስ ይበቃል።

ያለ ክርክር እጅግ የረከሰ ዕቃ ሲገኝ ይበልጥ መጠንቀቅ ነው፤ የምኒልክ ብር ሐሰተኛ አለው። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ ሲቀርብ ደግሞ ከዋጋው በፊት ከአገር የወጣበት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ማውጣትን ይከለክላል፤ ፈቃዱን ማሳየት ከማይችል ሻጭ ጋራ የሚደረግ የዋጋ ንግግር የለም።

ዕቃው እንደ ደረሰ በወርቅ ሠሪ ሚዛን ይመዘን፤ ማግኔትም ይጠጋው፤ ብር በማግኔት አይሳብም። ክብደቱ ከ28 ግራም ብዙ የራቀ እንደ ሆነ፣ ዕቃውን ለመመለስ የተሰጠው ቀን ሳያልፍ ከሚዛኑ ፎቶግራፍ ጋራ በዚያው ዕለት ለሻጩ ይጻፍለት።