ቢላዋ ስለቱን ከየት ያገኛል?

በወሎ ለፋሲካም ይሁን ለአረፋ በጉ ተጎትቶ ግቢ ሲገባ፣ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ «ስል ቢላዋ ማን ቤት አለ?» የሚል ነው። አራጁ ቢስሚላህ ይበል በስመ አብ፣ በደነዘዘ ቢላዋ ማረድ በሁለቱም ወገን ነውር ነው። ታዲያ አንዱ ቢላዋ በግ ገፎ፣ ሥጋ ዘልዝሎ ገና ስል ሆኖ ሲገኝ፣ ሌላው ሁለት ራስ ሽንኩርት ከትፎ የሚዶለዱመው ለምንድን ነው? ጉዳዩ በሦስት ነገር ያልቃል፦ ብረቱ በያዘው ካርቦን፣ ባለፈበት እሳትና በተሳለበት ማዕዘን።

ይህን ለማየት ሁለት ቢላዋ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥ። አንደኛው ስዊድን የሚኖር ዘመድ ያመጣልኝ የሞራ ቢላዋ ነው። ሞራ በስዊድን መሐል አገር ያለች ከተማ ስትሆን አካባቢዋ ከጥንት ጀምሮ በቢላዋ ሥራ ይታወቃል። ዛሬ ሞራክኒቭ ለሚባለው ፋብሪካ መነሻ የሆነውን ሥራ የጀመረው ፍሮስት ኤሪክ ኤርሶን፣ አሜሪካ ቆይቶ ወደ መንደሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1891 ወርክሾፕ የከፈተ ሰው ነው። ሁለተኛው ቢላዋ ከገበያ የተገዛ፣ የአገራችን ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራው ነው።

የስዊድኑ ብረት ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። እንደ ሰንጢ አይታጠፍም፤ የብረቱ ጭራ እጀታው ውስጥ ጠልቆ ስለገባ ሲጫኑት አይወላገድም፣ ደምና ሞራ የሚሸሸግበት ማጠፊያም የለውም። በእጅ ሲይዙት ቀላል ነው። ጌጥ የሚባል ነገር የለበትም፤ ዋጋው በሙሉ ያለው ብረቱና ስለቱ ላይ ነው።

ካርቦኑ

ንጹሕ ብረት ለስላሳ ነው፤ ቢስሉትም ወዲያው ጠርዙ ይተኛል። ጥቂት ካርቦን ሲገባበት ግን ስቲል ይሆናል፣ የመጠንከር ችሎታም ያገኛል። የሞራው ካርቦን ስቲል ከመቶ 1 እጅ ያህል ካርቦን አለው። የመኪና ባሌስትራ ደግሞ ከመቶ ግማሽ እጅ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ይህም ለጥሩ ቢላዋ ይበቃል። በደሴ፣ አቀስታና መካነ ሰላም መንገድ ላይ የአይሱዙ ባሌስትራ ሲሰበር ቀጥቃጩ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። የግንባታ ፌሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ፣ ከእርሱ የተሠራ ቢላዋ መልኩ ቢያምርም ስለት አይዝም።

የማይዝገው ስቴንለስ የሚባለውም ስቲል ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ 10 ተኩል እጅ ወይም ከዚያ በላይ ክሮሚየም የተጨመረበት መሆኑ ነው። የእኔው ሞራ የካርቦን ዓይነት ስለሆነ ሎሚና ሽንኩርት ሲነካው ይጠቁራል፣ እርጥብ ከተተወም ይዝጋል። መድኃኒቱ አጥቦ ወዲያው ማድረቅና ዘይት በነካ ጨርቅ ማበስ ነው። እርጥብ ሆኖ አፎቱ ውስጥ ማሳደር ያበላሸዋል።

እሳቱ

እሳት ብረትን ምን እንደሚያደርገው ለማወቅ ከአምባ መቅደላ የተሻለ ቦታ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያሠሩት፣ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ የተጎተተው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል፤ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ። የተሠራው ነሐስ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ነው። ነሐስ የሚቀልጠው 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሞላ ነው። ስቲል ግን ለመቅለጥ ወደ 1,500 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የቀጥቃጭ ከሰልና ወናፍ ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል አይደርስም። ስለዚህ ባለ እጁ ስቲሉን አያፈስሰውም፤ አግሎ በጉጠት ይይዝና በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል።

ቅርጹ ከወጣ በኋላ ዋናው ምሥጢር ይመጣል። ብረቱ እንደገና ይግላል። ወደ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ይተዋል፤ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት ለዚህ ፈተና ትበቃለች። ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል አተሞቹ አሰላለፋቸውን ይቀይሩና ካርቦኑ በመካከላቸው ይሟሟል። በዚህ ጊዜ ብረቱ ዘይት ወይም ውኃ ውስጥ ሲነከር በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ካርቦኑ የሚወጣበት ጊዜ ያጣና እዚያው ተጠምዶ ይቀራል። ጥንካሬ የምንለው ይህ የተወጠረ አሰላለፍ ነው።

ሥራው ግን እዚህ ላይ አያበቃም። እንዲህ የጠነከረ ብረት ቢወድቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ፊቱ ይወለወልና በዝግታ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። የሚያብረቀርቀው ፊት የደረቀ ጭድ የመሰለ ቢጫ ቀለም ሲያወጣ ልኩ ደርሷል ማለት ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ለቢላዋ ከልክ በላይ ለስልሷል። ፋብሪካ ይህን የሚያደርገው በመለኪያ ነው፤ ባለ እጁ ደግሞ በዓይኑ ያደርገዋል። ዓይኑ የሠለጠነ ሰው የሠራው የባሌስትራ ቢላዋ ከስዊድኑ ጋር ተፎካክሮ ይቆርጣል።

ማዕዘኑ

ስል ቢላዋ የሚቆርጠው የእጅዎ ጉልበት በጣም ቀጭን በሆነ መስመር ላይ ስለሚሰበሰብ ነው። መስመሩ ሲወፍር ጉልበቱ ይበተናል። ያን ጊዜ ቢላዋው ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ከተጨፈለቀው የሚረጨው ብዙ ስለሆነ ዓይን ያስለቅሳል። እጅን የሚያቆስለውም ብዙ ጊዜ የደነዘዘው ነው፤ በኃይል ሲጫኑት ያመልጣል።

የስካንዲኔቪያ ቢላዋ ልዩነቱ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። አንድ ወረቀት ይውሰዱ፤ ማዕዘኑን ለሁለት ሲያጥፉት 45 ዲግሪ ይሆናል። እንደገና ለሁለት ሲያጥፉት 22 ተኩል ዲግሪ ያገኛሉ። የሞራ ቢላዋ ሁለት ፊቶች የሚገናኙበት ማዕዘን ወደዚህ ይቀርባል። ፊቶቹ ከብረቱ ጎን ተነስተው ቀጥ ብለው እስከ ስለቱ ይወርዳሉ። ስለሆነም ያን ሰፊ ፊት ድንጋይ ላይ ሲያስተኙት ማዕዘኑ ራሱ ልኩን ይይዛል፤ ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ የሚሳል ቢላዋ የለም። በሌላው ቢላዋ ላይ ልኩን መጠበቅ ያለበት የእጅ አንጓ ነው።

አሳሳሉ እንዲህ ነው። ድንጋዩን ያርጥቡ። ፊቱን አስተኝተው ከድንጋዩ ላይ ስስ ሽፋን እንደሚቀርፍ ሰው ስለቱን ወደፊት ይግፉ። በወዲያኛው ፊት ቀጭን የብረት ክር ጣትን ሲቧጥጥ ይገለብጡና ሌላውን ፊት ይሳሉ። በመጨረሻ ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተቱ በቆዳ ቀበቶ ላይ ያመላልሱት፤ ክሩ ይረግፋል።

ድንጋዩም ይመረጣል። የመቅደላና የመካነ ሰላም ደጋ በእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ የተሸፈነ ነው፤ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ግን ከሥሩ አሸዋማ ድንጋይ ይወጣል። ኳርትዝ የሚባለው የአሸዋው ቅንጣት ከጠነከረ ስቲል ስለሚበረታ ብረቱን ይበላዋል፤ ለመሳል የሚሻለው ይህኛው ነው፣ በተለይ ቅንጣቱ የደቀቀው። እናቶቻችን ቢላዋ በሲኒ ቂጥ የሚስሉትም በልምድ ብቻ አይደለም፤ ያልተለበጠው የሲኒ መቀመጫ ከስቲል የጠነከረ ነው።

የትኛው ለምን?

የሞራ ቢላዋ የተወለደው ለእንጨት ነው። ዱላ ለመጥረብ፣ ችካል ለማሾል፣ በግ ለመግፈፍ እስካሁን የያዝኩት የሚስተካከለው አላገኘሁም። ድንችና ካሮት ላይ ግን ውፍረቱ ሳይቆርጥ ይሰነጥቃል፤ ለወጥ ቤትና ለቁርጥ ሳሳ ያለ ቢላዋ ይበልጠዋል።

ከገበያ ሲገዙ ባለ እጁን «ባሌስትራ ነው ፌሮ?» ብለው ይጠይቁ። ሞረድ ይዘው ስለቱ አጠገብ በቀስታ ያስኪዱት፤ ሳይበላው ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፣ ከበላው ተመልሶ እሳት ይፈልጋል። ሥራው ጥሩ ከሆነ ዋጋውን ሳይከራከሩ ይክፈሉ። ባለ እጅን በሥራው መስደብ በዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ ከተከለከለ ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ሆኖም ቀጥቃጭን «ቡዳ» ብሎ የሚሸሽ ዛሬም አልጠፋም። የስዊድኑ ሰው በዚሁ ሙያ ስሙ ሲጠራ ይኖራል። የእኛም ባለ እጅ የሚያውቀው ያንኑ የካርቦን፣ የእሳትና የማዕዘን ዕውቀት ነውና ያከብሩት፣ ያስተምርም ዘንድ ልጆችን ይላኩለት።