በገመድና በሸራ የሚቆም ቤት

ድንኳን ከቤት የሚለየው ቀላል በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ አቋቋሙም ሌላ ነው። የድንጋይ ቤት በክብደቱ ይቆማል፤ የላዩ ድንጋይ የታቹን፣ የታቹ መሬቱን ተጭኖ ይኖራል። ድንኳን የሚተማመንበት ክብደት የለውም። የሚያቆመው ውጥረት ነው፦ የጎበጠው ዘንግ ልቃና ብሎ ይታገላል፣ ሸራው ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ገመዱ ወደ ውጭ ይስባል፣ ካስማው መሬቱን ነክሶ አልለቅም ይላል። ከነዚህ አንዱ ሲላላ ሌሎቹም ሥራ ይፈታሉ። የረገበ ሸራ ነፋስ በመጣ ቁጥር እየተርገበገበ ስፌቱን ይበላል፣ ዝናብ ሲመጣም ውኃ ያቁራል። በቀላሉ የሚተከል መጠለያ መንደፍ ማለት እንግዲህ ይህን ሚዛን በጥቂት ኪሎ ዕቃ፣ በጥቂት ደቂቃ፣ ድንኳን ተክሎ በማያውቅ ሰው እጅ እንዲገኝ ማድረግ ነው።

ብልሃቱ አዲስ አይደለም። የአፋር አርብቶ አደሮች ዳቦይታም ሆነ የሶማሌዎቹ አቃል የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ሥራውም የሴቶች ነው። ቀጫጭን እንጨቶች ይጎብጡና ጫፋቸው መሬት ይተከላል፣ መገናኛቸው ይታሰራል፣ በላያቸው ሰሌን ይደረባል። ሰፈር ሲለቀቅ ማሰሪያው ይፈታል፣ ሰሌኑ ይጠቀለላል፣ የጎበጡት እንጨቶች እንደጎበጡ ግመል ላይ ይጫናሉ። ሚስማር የለ፣ መጋዝ የለ። አንዱ እንጨት ቢሰበር ምትኩ በመንገድ ዳር ካለ ዛፍ ይቆረጣል። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ዘመናዊ ንድፍ የወደቀው ግን እዚህ ላይ ነው።

የዘመኑ የተጓዥ ድንኳን እንጨቱን በአሉሚኒየም ቱቦ ተክቶታል። ዘንግ ሲጎብጥ የውጭ ጎኑ ይለጠጣል፣ የውስጥ ጎኑ ይታመቃል፤ መሐሉ እምብዛም አይሠራም፣ ሸክም ብቻ ነው። ስለዚህ መሐሉ ባዶ ይደረግና ብረቱ ወደ ዳር ይወጣል። የግድግዳው ውፍረት ሳይነካ የቱቦው ስፋት እጥፍ ቢሆን ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ግትርነቱ ግን ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል። ይሁንና ግትርነት ሁልጊዜ በጎ አይደለም። ከመጠን በላይ የገተረ ዘንግ ለመጉበጥ እምቢ ይላል፣ ተካዩን ያታግላል፣ ሸራውንም ከስፌቱ ይገነጥላል። የተራራ ድንኳኖች ዘንግ ብዙውን ጊዜ ከጣት የቀጠነ፣ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ስለዚህ ነው። በርካሾቹ ድንኳኖች ላይ የሚገኘው ፋይበርግላስም ይጎብጣል፤ ሲሰበር ግን በቁመቱ ይሰነጠቅና ስንጣሪው ሸራውን ይቀደዋል።

በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ላስቲክ ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ ሳይሆን አይቀርም፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ስድስትና ሰባት ቁራጭ የነበረው ዘንግ ሲለቀቅ እየተንጣጣ ራሱን ይቀጥላል። ቁራጭ አይጠፋም፣ ቅደም ተከተሉም አይሳሳትም። በጨለማ፣ በዝናብ፣ በደነዘዘ እጅ ለሚሠራ ሰው ይህ ከየትኛውም የመመሪያ ወረቀት ይሻላል።

ሁለት ዘንጎች ጎብጠው አናት ላይ ሲሻገሩ ያለ ካስማም ቅርጹን የሚይዝ ጉልላት ይገኛል። ሦስተኛና አራተኛ ዘንግ ሲታከል ደግሞ በየመሻገሪያው መካከል ሦስት ማዕዘኖች ይፈጠራሉ። አራት ማዕዘን ጎኖቹ ሳይሰበሩ ተገፍቶ ይጣመማል፤ ሦስት ማዕዘን ግን ቅርጹ የሚለወጠው አንዱ ጎኑ ሲለጠጥ፣ ሲታጠፍ ወይም ሲሰበር ብቻ ነው። አሜሪካዊው ባክሚንስተር ፉለር በሦስት ማዕዘን የተሸመነ የጉልላት ንድፉን እ.ኤ.አ. በ1954 የባለቤትነት መብት አወጣበት። ኖርዝ ፌስ የተባለው ኩባንያም ሐሳቡን ወደ ድንኳን አምጥቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ኦቫል ኢንቴንሽን የተሰኘውን ድንኳን ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በበረዷማ ተራሮች የሚተከሉት ባለ ጉልላት ድንኳኖች አብዛኞቹ የዚያ ዘሮች ናቸው።

ጉልላቱ የሚፈለገው ለነፋስ ነው። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በባሕር ጠለል ከፍታ በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ 6 ኪሎ ያህል ይጫናል፤ በሰከንድ 20 ሜትር ሲደርስ 24 ኪሎ ይሆናል። ሁለት ካሬ ሜትር ጎን ያለው ድንኳን አንድ ሰው በሙሉ ክብደቱ እንደተደገፈው ሆነ ማለት ነው። በሰሜን ተራሮች 3,600 ሜትር ላይ ባሉት የጊችና የጨነቅ ሰፈሮች አየሩ በሲሶ ያህል ስለሚሳሳ ያው ፍጥነት የሚገፋው በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ ግን ማንንም ሊያዘናጋ አይገባም፤ ከገደሉ አፋፍ የሚነሣው ነፋስ የተቀነሰውን በፍጥነቱ ይመልሰዋል።

እዚያ ከሰዓት በኋላ ድንኳን የሚተክል ሰው ከዘንጉ አይጀምርም። መጀመሪያ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን የወለሉን ጠርዝ በካስማ ይቸነክራል፤ ከዚያ በኋላ ዘንጉን ያስገባል። ተገላቢጦሹን ያደረገ ሰው ድንኳኑን እንደ ዣንጥላ ይዞ ሲሮጥ ይታያል። ካስማውም ቀጥ ብሎ አይመታም። አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ አጋድሎ፣ ገመዱ ከካስማው ጋር ወደ ቀጥተኛ ማዕዘን የቀረበ ሲሆን አፈሩ በሙሉ ርዝመቱ ይይዘዋል። አለት ላይ ካስማ ስለማይገባ ገመዱ በትልቅ ድንጋይ ይታሰራል። አሸዋ ላይ ደግሞ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ገመዱ ታስሮበት በአግድም ይቀበራል።

ውኃ ድንኳንን የሚያጠቃው ከሁለት ወገን ነው፤ ሰው የሚያስበው ግን የውጭውን ብቻ ነው። የውጭው ቀላል ነው። የሸራ ውኃ መቋቋም የሚለካው በላዩ በሚቆም የውኃ ዓምድ ነው፤ 1,500 ሚሊ ሜትር ዓምድ ችሎ የማያንጠባጥብ ሸራ ለጣሪያ ይበቃል። ወለሉ ግን ሰው ሲንበረከክበት ጫናው በጥቂት ቦታ ስለሚሰበሰብ ከዚያ የበለጠ ያስፈልገዋል። ድሮ ለዚህ ሥራ የተመረጠው የጥጥ ሸራ ሲረጥብ ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍናል፤ ዋጋው ክብደቱ ነው። ናይሎን ቀላልና ጠንካራ ቢሆንም ሲረጥብ ይለጠጣል። ማታ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ያደረ ድንኳን በዝናብ ሌሊት ረግቦ የሚገኘው ለዚህ ነው። ፖሊስተር በርጥበት ብዙም አይለጠጥም፣ ፀሐይም ይበልጥ ይችላል።

የውስጡ ውኃ የሚመጣው ከተኙት ሰዎች ነው። የተኛ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በአንድ ሌሊት ሩብ ሊትር የሚሆን ውኃ ወደ አየር ይለቃል፤ ሦስት ሰው በተኛበት ድንኳን የአንድ ጠርሙስ ውኃ ያህል ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ሸራው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚያፈስ ከአካባቢው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱም እዚያው ላይ ጤዛ ይሆናል። ጠዋት ጣሪያው አፈሰሰ ብሎ የሚያማርር ተጓዥ ብዙ ጊዜ የገዛ ትንፋሹን ነው የሚከሰው። መድኃኒቱ ድርብ ግድግዳ ነው፦ ትንፋሽ የሚያሳልፍ ስስ የውስጥ ጨርቅ፣ ከእርሱ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ውኃ የማያስገባ የውጭ ሸራ። ጤዛው ውጭኛው ላይ ያርፍና ተንሸራቶ መሬት ይወርዳል። ከታች አየር የሚገባበት፣ ከላይ የሚወጣበት ቀዳዳ ከሌለ ግን ድርቡም አያድንም።

በቀላሉ የሚተከል የሚባለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የእድር ድንኳን ሲቆም መመልከት ይበቃል። ቧንቧዎቹ ከተሽከርካሪው ይወርዳሉ፣ የሰፈሩ ወጣቶች ይረባረባሉ፣ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያዛል። ጣሪያው ሊነሣ ሲል አንዱ አጭር ቧንቧ በረጅሙ ቦታ መግባቱ ይታወቅና ግማሹ ይፈታል። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ የሚመሳሰሉ ሆነው የማይተካኩ ቧንቧዎችን የሠራው ነዳፊ ነው። ደህና ነዳፊ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ወይ ዘንጎቹ ሁሉ እኩል ይሆናሉና የትም ቢገቡ ልክ ናቸው፣ ወይ የተሳሳተው ቦታ ጨርሶ አያስገባቸውም። ቀለም መቀባት ሦስተኛው መንገድ ነው፤ በጨለማ ስለማይታይ ግን ከሦስቱ ደካማው ነው።

ሲወረወር በራሱ የሚከፈተው ድንኳን የመትከልን ድካም ከሥሩ ነቅሎታል። በሸራው ጠርዝ የተሰፋው ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት ተጠማዝዞ ሦስት ትናንሽ ቀለበቶች ሆኖ ይታሰራል፤ ሲለቀቅ በብረቱ የታመቀው ኃይል በሰከንዶች ያቆመዋል። ችግሩ ጠዋት ይመጣል። መልሶ ማጠፉን ያልተለማመደ ሰው ከብረቱ ጋር ትግል ይገጥማል፣ ጥቅሉም ሰፊ ክብ ስለሚሆን በጀርባ ለመሸከም አይመችም። ለመዝናኛ ይሆናል፤ ለተራራ አይሆንም።

የአደጋ ጊዜ መጠለያ ሌላ መለኪያ አለው። ተጓዥ ድንኳን ውስጥ ያድራል፤ ከጎርፍ ወይም ከጦርነት የሸሸ ቤተሰብ ይኖርበታል፣ አንዳንዴም ለዓመታት። ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ ዕርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ቦታ እንዲኖር ያዛል፤ ማብሰያና መታጠቢያው በዚህ አይቆጠርም። በጣሪያው ከፍተኛ ቦታ ላይ ቁመቱ 2 ሜትር፣ በሞቃት አገር 2.6 ሜትር መሆን አለበት። ጠባብና ዝቅተኛው የተራራ ድንኳን በነፋስ ረገድ ቢመሰገንም እዚህ ይወድቃል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የቤተሰብ ድንኳን ለአምስት ሰው የታሰበ ሲሆን ዋናው ክፍሉ 16 ካሬ ሜትር ነው፤ ጠቅላላ ክብደቱ ከ50 ኪሎ ያልፋል። አንድ ሰው የማይሸከመው ድንኳን ነው፤ ቀን ከሌት ፀሐይ፣ አቧራና የልጆች እግር የሚችል ሸራ ግን ከዚህ አይቀልም።

ኮሚሽኑ በብዛት ከሚያድለው ነገር አንዱ ግን ድንኳን አይደለም፤ 4 በ5 ሜትር የሆነ፣ በሁለት ፊቱ የተለበጠ የተሸመነ ፕላስቲክ ሸራ ነው። ከእንጨትና ከገመድ ጋር ሲሰጥ ባለቤቱ እንደሚያውቀው ቤት አድርጎ ያቆመዋል፣ ያሰፋዋል፣ ቤቱ ሲሠራ ጣሪያ ያደርገዋል። የአቃል ሰሌን ምትክ ሆኖ በሶማሌ አርብቶ አደሮች ቤት ላይ የሚታየውም ይኸው ዓይነት ሸራ ነው። ከነዳፊው ጠረጴዛ ሲታይ የማያምር መፍትሔ ነው፤ በተጠቃሚው እጅ ግን ብዙ ጊዜ ከድንኳኑ ይበልጣል።

የእንጨቱ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ የሩዋንዳ ዘር ማጥፋት በኋላ ለተፈናቀሉት ሸራ ሲታደል ምሰሶ ፍለጋ ደን ተመነጠረ፤ በእንጨቱ ፋንታ የአሉሚኒየም ምሰሶ ቢሰጥ ደግሞ ብረቱ ገንዘብ ነውና ተሸጠ። ጃፓናዊው አርክቴክት ሺገሩ ባን ያቀረበው መልስ የወረቀት ቱቦ ነበር፤ ሸክም ይችላል፣ ቀላል ነው፣ የሚሸጥበት ገበያ የለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታም በዚሁ ቱቦ ግድግዳ ያላቸው ቤቶች ሠራ፤ መሠረታቸው አሸዋ የተሞላ የቢራ ሳጥን ነበር።

ከድንኳንና ከቤት መካከል የቆመው ሙከራ የተደረገው ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ቤተር ሼልተር የተባለው የስዊድን ድርጅት በኢኬያ ፋውንዴሽን ድጋፍ የነደፈው መጠለያ የመጀመሪያ ናሙናዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በዶሎ አዶ በሚገኙ የሶማሊያ ስደተኞች ተሞክረው ነበር። 17.5 ካሬ ሜትር ስፋት፣ የብረት አጽም፣ ቀላል የፕላስቲክ ግድግዳ፣ የሚቆለፍ በር፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት አለው፤ በሁለት ሣጥን ታሽጎ ይመጣና አራት ሰው በግማሽ ቀን ያቆመዋል። የለንደኑ የዲዛይን ሙዚየም እ.ኤ.አ. የ2016 ምርጥ ንድፍ ብሎታል። የሚቆለፈው በር ለሴቶችና ለልጆች ያስገኘው መተማመን ከሽልማቱ በላይ የሚጠቀስ ነው። ክብደቱ ከድንኳኑ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑ፣ የተሰበረ ግድግዳውም በሰፈር ውስጥ በሚገኝ ዕቃ እንደ እንጨት በቀላሉ አለመተካቱ ግን ወደ ዳቦይታዋ ሠሪ ጥበብ ይመልሳል።

እሳት ለሁሉም የጋራ ጠላት ነው። የፕላስቲክ ሸራ ከተያያዘ በደቂቃ ያልቃል፤ ስለዚህ በመጠለያዎች መካከል ቢያንስ 2 ሜትር፣ ቢቻል የቁመታቸው እጥፍ የሚሆን ክፍተት፣ በየ300 ሜትሩም 30 ሜትር ባዶ መሬት እንዲተው ይመከራል። ከእሳት የባሰው ግን የማይታየው ነው። ለብርድ ብሎ ከሰል ያለበት ምድጃ ድንኳን ውስጥ አስገብቶ የሚተኛ ሰው ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል፤ የከሰሉ ጭስ ማለቁም አያድነውም።

ድንኳን የሚያረጀው ተተክሎ ብቻ አይደለም፤ ተጠቅልሎም ነው። ርጥብ ተጠቅልሎ የገባ የጥጥ ሸራ በጥቂት ቀን ይሻግታል። ናይሎንና ፖሊስተር አይበሰብሱም፤ ከጀርባቸው የተቀባው ውኃ መከላከያ ግን በርጥበትና በሙቀት እየፈረሰ ይጣበቃል፣ እየተላጠም ይረግፋል። በመጋዘን የሚቀመጥ የአደጋ ጊዜ ድንኳን ስለዚህ በየጊዜው ወጥቶ ይዘረጋል፣ ይደርቃል፣ ካስማዎቹ ይቆጠራሉ፤ የጎደለው ይሟላና በሌላ መስመር ይታጠፋል፣ በዚያው እጥፋት ደጋግሞ የታጠፈ ሸራ መጀመሪያ የሚያፈሰው እዚያው ላይ ነውና።